ተማሪዎቹ ኦቲዝም ላላቸው የዳንስ ስቱዲዮ ሠራተኛ ስትቀጥሩ

አንድ ታኅሣሥ ላይ ጎበዝ የምትባል ተወዛዋዥ ቀጠርን። ትከሻዋ ለጉድ ነው። ተማሪዎቹም ቶሎ ለመዷት። ጥር ሲገባ የሠርግ ሥራ መጣላትና ቅዳሜ ቅዳሜ መቅረት ጀመረች፤ በአምስተኛው ሳምንት ጭራሽ ስልኳን ዘጋች። ብዙም የማይናገር አንድ የ19 ዓመት ተማሪ ነበረን። ከዚያ በኋላ ሦስት ተከታታይ ቅዳሜ ክፍሉ ገብቶ፣ እሷ ትቆምበት ከነበረው የወለል ምልክት ፊት ለፊት ቆሞ ጠበቃት። ሙዚቃው ተጀምሮ እስኪያልቅ ንቅንቅ አላለም።

ጥፋቱ የእሷ ብቻ አልነበረም። ስንቀጥራት ትከሻዋን አየን እንጂ ቅዳሜዋን አልጠየቅንም።

ከዚያ ወዲህ የቅጥር አሠራራችንን ከሥሩ ቀየርነው። ከዚህ በታች የምጽፈው አዲስ አበባ ውስጥ ትንሽ ስቱዲዮ ላላችሁ ወይም ልትከፍቱ ላሰባችሁ ነው። አንድ ሰፊ ክፍል፣ አንድ ጸጥ ያለ ትንሽ ክፍል፣ በአንድ ጊዜ ስድስት ያህል ተማሪ ማለቴ ነው። ሁሉንም የሚገዛው ነገር አንድ ነው፦ ለብዙዎቹ ተማሪዎቻችን ከማን ጋር፣ የት ቆሞ፣ በስንት ሰዓት የሚለው የዳንሱ አካል ነው። ስለዚህ ከምርጥ ዳንሰኛ ይልቅ የሚቆይ ሰው እንፈልጋለን።

መጀመሪያ ሰዓቱን ጻፉት

ማስታወቂያ ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ወረቀት ውሰዱና የአንዱን ክፍለ ጊዜ 50 ደቂቃ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጻፉ። ቅዳሜ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ በሩን ማን ይከፍታል? ጫማ ሲወልቅ ማን አለ? ሙዚቃውን ማን ያበራል፣ ድምፁን ማን ይቀንሳል? አንድ ተማሪ ሁሉም ነገር በዝቶበት ጆሮውን ይዞ ቢወጣ ማን አብሮት ይወጣል? እሱ ሲወጣ ክፍሉ ውስጥ ማን ይቀራል?

የሰው ቁጥር የሚወጣው ከዚህ ወረቀት ነው። እኛ ለስድስት ተማሪ አንድ መሪ አሠልጣኝ፣ ሁለት ረዳትና በር ላይ አንድ ሰው እናደርጋለን። መሪው በምንም ምክንያት ከክፍሉ አይወጣም፤ የሚወጣው ረዳቱ ነው። በጀቱ ከጠበበባችሁ የተማሪውን ቁጥር ቀንሱ። ረዳት ቀንሳችሁ «እንደምንም» ማለት ከጀመራችሁ፣ ያ እንደምንም አንድ ቀን በር ሮጦ የወጣ ተማሪ ፍለጋ አስፋልት ላይ ያደርሳችኋል።

ማስታወቂያው

የተለመደውን ታውቁታላችሁ፦ ዲግሪ ወይም ዲፕሎማ፣ ሁለት ዓመት ልምድ፣ ደመወዝ በስምምነት። እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ሲወጣ የሚመጣው ፋይል ብዙ ነው፤ የሚጠቅመው ጥቂት። የሥራውን እውነተኛ ጠባይ ጻፉበት። የኛ ማስታወቂያ በከፊል እንዲህ ይላል፦

«ሥራው ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት፣ ቅዳሜ ጠዋት ነው። የቅዳሜው አይቀየርም፤ የሠርግ ወቅትም ቢሆን። ያው ሙዚቃ፣ ያው እንቅስቃሴ ለሁለትና ለሦስት ወር ሊደጋገም ይችላል። ሽቶ ተቀብቶ መምጣት አይፈቀድም። ተማሪዎቹ ላያዩዎት፣ ላይመልሱልዎት፣ ሊነክሱዎትም ይችላሉ። ደመወዙ ይህን ያህል ብር ነው።»

ይህን አንብቦ የሚቀር ሰው ይቅር። ደመወዙን በቁጥር መጻፉ ደግሞ የሁለታችሁንም ጊዜ ይቆጥባል።

የት ይለጠፍ? የቴሌግራም የሥራ ቻናሎች አሉ። ከዚያ በላይ ግን በእግር መሄድ ይሻላል። በአዲስ አበባና በኮተቤ ዩኒቨርሲቲዎች የልዩ ፍላጎት ትምህርት ክፍሎች አሉ፤ ከዚያ የሚወጡ ልጆች ዳንስ ባያውቁም ተማሪውን ያውቃሉ። በዳንሱ በኩል ደግሞ የባህል ቡድኖች አሉ፣ የዘመናዊ ዳንስ ሰዎችም አሉ። የአካል ጉዳት ካለባቸው ሰዎች ጋር አብሮ መደነስ ለከተማችን አዲስ ነገር አይደለም። በአዱኛ የማኅበረሰብ ዳንስ ቡድን ውስጥ ያደጉት ጁነይድ ጀማል ሰንዲና አዲሱ ደምሴ ያቋቋሙት ዴስቲኖ የዳንስ ቡድን ይህን መንገድ ቀድሞ ሄዶበታል። በዚያ ዓይነት ቤት ያለፈ ዳንሰኛ ካገኛችሁ ግማሹ ሥልጠና አልቆላችኋል።

ጆይና ነህምያን ከመሳሰሉ የኦቲዝም ማዕከላት ግን ሰው አታስኮብልሉ። እዚያም ያለው ልጅ ሰው ለምዷል። ይልቅ አዲስ የቀጠራችሁትን ሰው ለጥቂት ቀናት ሄዶ እንዲያይ ፈቃድ ጠይቁ።

ስለ ምስክር ወረቀት አንድ ነገር ልበል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 ጆይን የከፈቱት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የውበት ሙያ ሰው ነበሩ። ወደዚህ ያመጣቸው ልጃቸው ነው። ከአመልካቾቻችሁ መካከል ኦቲዝም ያለው ወንድም ወይም እህት ይዞ ያደገ ሰው ካለ፣ ፋይሉ ባዶ ቢሆንም ጥሩት።

ቃለ መጠይቁ፦ ጆሯችሁን አቁሙ

እኔ በቃለ መጠይቅ ብዙም አላምንም። ሰው ሁሉ «ትዕግሥተኛ ነኝ» ይላል። ግን ሰውየው ሳያስበው የሚወረውራቸው ቃላት አሉ፤ እነሱን መዝግቡ።

«ምስኪን» አንዱ ነው። አንዴ ቢል ችግር የለም፤ ሁላችንም ያደግንበት ቃል ነው። በግማሽ ሰዓት ውስጥ አራቴ ካለ ግን ሊያዝን እንጂ ሊያስተምር አልመጣም። ያዘነ አሠልጣኝ ተማሪው እጁን እንዲያነሳ አይጠብቅም፤ ራሱ ያነሳለታል።

ሁለተኛው አጠራር ነው። 27 ዓመት የሞላት ተማሪ አለችን። ፎቶዋን አሳይተን «ይቺን ተማሪ መጀመሪያ ስታገኛት ምን ትላታለህ?» እንላለን። «ሚጣዬ» ያለ ብዙ ነው፤ «ማሙሽ» የሚባል ጺም ያወጣ ተማሪም አለን። ጥሩው መልስ በስሟ መጥራት ነው። የበለጠ ጥሩው «አንቺ ልበላት ወይስ እርስዎ? ቤተሰቦቿ ምን ይሏታል?» ብሎ የጠየቀው ሰው መልስ ነው። በነገራችን ላይ እሱን ቀጥረነዋል።

ሦስተኛው ስለ ጸበልና ስለ ፈውስ ነው። ቤተሰብ ልጁን ጸበል ቢወስድ የቤተሰቡ ጉዳይ ነው፤ ሠራተኛችንም የራሱ እምነት አለው። ነገር ግን በር ላይ ቆሞ እናትን «እስኪ እንዲህ ያለው ቦታ ውሰጂው» የሚል ሰው አንቀጥርም። ያቺ እናት እዚህ እስክትደርስ ስንቱን ምክር እንደሰማች እሷ ታውቀዋለች።

ከጥያቄዎቻችን የምወደው ይሄ ነው፦ «ሙዚቃው እየተጫወተ መብራት ጠፋ። ስድስቱም ተማሪዎች አሉ። ምን ታደርጋለህ?» ስለ ጄኔሬተር የሚጠይቀኝ አለ፣ ስልኩን አውጥቶ ሙዚቃ እንደሚፈልግ የሚነግረኝ አለ። አንዷ አመልካች ግን ትንሽ ዝም አለችና «ያው መዝሙር በአፌ ይወጣኛል ወይ? ካልወጣኝ ዝም ብዬ ቁጥሩን እቆጥራለሁ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት» አለች። ልክ ነው። ሙዚቃው ሲቋረጥ ምቱ መቀጠል አለበት።

የሙከራ ክፍለ ጊዜ

ዋናው ይሄ ነው፤ ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አፍስሱ።

አስቀድማችሁ የወላጆችን ፈቃድ ተቀበሉ። የአመልካቹን ፎቶ ከሦስትና ከአራት ቀን በፊት ለየቤቱ ላኩና «ቅዳሜ ይህ ሰው ይመጣል፤ 20 ደቂቃ ይቆያል፤ ከዚያ ይሄዳል» በሉ። በአንድ ክፍለ ጊዜ ከአንድ አመልካች በላይ አታስገቡ። የሠራበትንም ክፈሉት። ሰው በነፃ እያሠሩ «ፈተና ነው» ማለት እዚህ አገር ተለምዷል፤ አስቀያሚ ልማድ ነው።

በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች አመልካቹ ምንም አይሠራም። ግድግዳ ሥር ወለል ላይ ይቀመጣል። ይህን የማይችል ሰው ብዙ ነው። ስልኩን ያያል፣ ፈገግ እያለ ሰው ይጠራል፣ ተነስቶ ያጨበጭባል። ከዚያ አንድ ዘፈን ይመራል። እኛ ጥግ ላይ ሆነን የምናየው እነዚህን ነው፦

መጠበቅ ይችላል? አንድ ነገር ከተናገረ በኋላ ስንት ሴኮንድ ዝም እንደሚል ቁጠሩ። አብዛኛው ሰው ሁለት ሳይሞላ ይደግመዋል። ለተማሪው ደግሞ የተደገመው እንደ አዲስ ትእዛዝ ነው፤ የመጀመሪያውን እያሰበ ሳለ ሁለተኛው ይመጣበታል። እስከ አሥር የሚጠብቅ ወርቅ ነው።

ይነካል? የኛ ባህል የመንካት ባህል ነው። ጉንጭ እንስማለን፣ ትከሻ እንጋጫለን፣ ራስ እንዳብሳለን። ከተማሪዎቻችን መካከል ቀለል ያለ ንክኪ እንደ መርፌ የሚሰማቸው አሉ፤ ጠበቅ ተደርገው ሲያዙ የሚረጋጉም አሉ። አመልካቹ ይህን ማወቅ አይጠበቅበትም። ከመንካቱ በፊት እጁን ዘርግቶ የሚጠብቅ መሆኑን ነው የምታዩት።

አነጋገሩስ? «ልብህን ጣልበት»፣ «እግርህን ጣል ጣል አድርግ»፣ «ትከሻህን ፍታው» የሚል አሠልጣኝ ተማሪው ግራ ሲገባው የት ጋር እንዳጠፋ ያውቃል ወይ? «ቀኝ ትከሻ ወደ ላይ። ወደ ታች» ብሎ ራሱ የሚያሳይ ካገኛችሁ ደስ ይበላችሁ። አንድ ተማሪ እጁን ሲያርገበግብ ወይም ሲወዛወዝ «ተው» የሚለውንም ልብ በሉ። ያ እንቅስቃሴ ሰውየው ራሱን የሚያረጋጋበት ነው። ጥሩ አሠልጣኝ አይቶ ምቱን ከእሱ ይወስዳል።

አንዱን አመልካች ልንገራችሁ። ከበሮ ይዞ መጣ። የባህል ቡድን ውስጥ የሚመታ ነው። ገና አንዴ ዱም ሲያደርገው አንዱ ተማሪ ሁለት እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ወደ ጥግ ሄደ። እኛ ተያየን። አመልካቹ ከበሮውን አንገቱ ላይ ካለው ማንገቻ አወለቀ፣ ወለል ላይ አጋድሞ አስቀመጠው፣ ከጎኑ ተቀመጠ። ከዚያ በሁለት ጣት የወለሉን ጣውላ መታ መታ ማድረግ ጀመረ። ወደ ልጁ አላየም፣ አልጠራውምም። ከሁለት ደቂቃ በኋላ ተማሪው አንድ እጁን ከጆሮው አወረደ። ቆይቶ መጥቶ መዳፉን ከበሮው ቆዳ ላይ ጣል አደረገና ከወለሉ የሚመጣውን ንዝረት ሲያዳምጥ ቆየ። ዘፈኑን ሳይመራልን 20 ደቂቃው አለቀ። የዚያን ዕለት ውል አዘጋጀንለት።

የተማሪዎቹም ድምፅ ይቆጠራል። የማይናገሩት በፎቶ ይመርጣሉ። የአመልካቹን ፎቶ እንሰጣቸዋለን፤ «ይምጣ» የሚለው ሣጥን ክፍት ነው፣ «አይምጣ» የሚለው ክዳን አለው። ሁሉም ሰው በዚህ መንገድ ሐሳቡን መግለጽ አይችልም፤ ለአንዳንዶቹ መልሱ በሚቀጥለው ማክሰኞ በሩ ላይ እንዴት እንደሚገቡ ነው። አንዴ በወረቀት አንደኛ የወጣች አመልካች ነበረችን፤ ከስድስቱ አራቱ ክዳኑን አንስተው ከተቷት። አልቀጠርናትም። ምክንያቱን እስከ ዛሬ አናውቀውም።

ወረቀትና ጥንቃቄ

የመታወቂያ ኮፒ፣ ከፖሊስ የአሻራ ማስረጃ፣ ተያዥ፦ እነዚህን ማንም ያውቃቸዋል። ተያዥ ግን ለገንዘብ ነው የሚዋሰው፤ ስለ ጠባይ አይነግራችሁም። ስለዚህ ሁለት የቀድሞ አሠሪ ራሳችሁ ደውሉ። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ «ልጅዎን ብቻውን ለእሱ ይተዉለት ነበር?» ከመልሱ በፊት ያለችውን ዝምታ አዳምጡ።

ደንባችሁን በጽሑፍ አሳዩትና ፊቱን ተመልከቱ። ከተማሪ ጋር በተዘጋ ክፍል ብቻውን የሚሆን ሠራተኛ የለም። መጸዳጃ ቤት እርዳታ የሚያስፈልገው ተማሪ የሚታገዘው ቤተሰቡ በጽሑፍ በተስማሙበት ሰው ነው፤ ሁለተኛ ሰው በቅርብ ይኖራል። ፎቶና ቪዲዮ በግል ስልክ አይነሳም፤ ቲክቶክ ላይ ስለመለጠፍ ባይነሳ ይሻላል። «አታምኑኝም ማለት ነው?» ብሎ የሚቆጣ አለ። ደንቡ እሱንም እንደሚጠብቀው አንዴ አስረዱት። ሁለተኛ ከተቆጣ አመስግናችሁ ሸኙት።

ዘበኛውና የጽዳት ሠራተኛዋ

ብዙ ቤት እነዚህን ሁለቱን ሰው አፈላልጎ ያመጣቸዋል፤ አይፈትናቸውም። እኔ ግን ከረዳት አሠልጣኝ ባላነሰ ጥንቃቄ ቅጠሩ እላለሁ። ከተማሪዎቻችን መካከል በር ክፍት ካገኘ ሮጦ የሚወጣ አለ። መኪና አያይም። የውጭውን በር የሚይዘው ሰው ተማሪዎቹን በስምና በፊት ማወቅ፣ ከማን ጋር እንደሚወጡ ማወቅ አለበት። ደግሞም እየጮኸ የሚሮጥ ወጣት ሲያይ «እብድ!» ብሎ ዱላ የማያነሳ መሆን አለበት። የኛ ዘበኛ ጋሼ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። የሙከራ ክፍለ ጊዜ እሳቸውም አድርገዋል፤ ወለል ላይ መቀመጡ ለጉልበታቸው ስለከበዳቸው ዱካ አቀረብንላቸው።

የጽዳት ሠራተኛዋ ሥራ ደግሞ ከሽታ ጋር ነው። በረኪና የነካው ወለል ላይ የማይገባ ተማሪ አለን። ወለሉ ዓርብ ማታ ይጸዳል፣ መስኮት ተከፍቶ ያድራል። ቅዳሜ ጠዋት ቡና አይፈላም፣ ዕጣን አይጨስም። ይህን ሲነግሯት «ምን አገባው ለዳንስ» የምትል አለች፤ አንዴ ተማሪው ሲመለስ አይታ ከዚያ በኋላ ለሌላው የምታስረዳዋ እሷ የሆነችም አለች።

ውሉ

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት እንዳይበልጥ ይላል፤ በጽሑፍ መሆን አለበት። ሠራተኛው ለሥራው የማይመጥን ሆኖ ከተገኘ በዚህ ጊዜ ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት ይቻላል፤ እሱም እንዲሁ ያለ ማስጠንቀቂያ መሄድ ይችላል። ለኛ ተማሪዎች ግን የሙከራ ጊዜ ማለት የመልመድ ጊዜም ነው። ስለዚህ የሚሰናበት ካለ ቶሎ ይሰናበት፤ 58ኛው ቀን ድረስ አትጎትቱት።

ከሙከራ ጊዜ በኋላ ሠራተኛው ለመልቀቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። እነዚህ 30 ቀናት ምን እንደሚሠራባቸው ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ክፍያው ወርኃዊ ይሁን። በክፍለ ጊዜ የሚከፈለው ሰው ተማሪ በቀረ ቁጥር ኪሱ ይጎድላል፤ ሠርግ ሲመጣም ሂሳብ ይሠራል። ክረምት ላይ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲወርድ ከድምፁ የተነሳ የማይመጡ ተማሪዎች አሉን፤ የአሠልጣኙ ደመወዝ ከደመናው ጋር መውጣትና መውረድ የለበትም። ጡረታውንም ከመጀመሪያው ወር ጀምራችሁ አስገቡ፤ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከናንተ 11 በመቶ። የሚቆይ ሰው እየፈለጋችሁ እንደ ቀን ሠራተኛ አትያዙት።

ኦቲዝም ያለውን ሰው ቅጠሩ

ይህን ለብቻው ያነሳሁት ስለሚረሳ ነው። ሙዚቃውን የሚመራልን ኦቲዝም ያለው ወጣት ነው። የዘፈኑን ቅደም ተከተል አይስትም፤ ድምፁ ትንሽ ከፍ ሲል ከሁላችን ቀድሞ ይሰማል። ቃለ መጠይቅ ብናደርግለት አናገኘውም ነበር፤ ከሰው ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ መልስ መስጠት አይሆንለትም። ጥያቄዎቹን በጽሑፍ ሰጥተነው በሁለት ቀን መለሰልን። አዋጅ ቁጥር 568/2000 አካል ጉዳት ላለበት ሠራተኛ ሁኔታዎችን ማመቻቸት የአሠሪው ግዴታ ነው ይላል። በእሱ ጉዳይ ማመቻቸት ማለት የጆሮ መከላከያ፣ የማይቀየር ወንበርና ስብሰባ ላይ አለመጥራት ነው። ሦስቱም ርካሽ ናቸው። የሚከፈለው ልክ እንደ ሌላው ነው፤ «ልምምድ» ብሎ በትራንስፖርት ገንዘብ ማሠራት ነውር ነው።

የመጀመሪያዎቹና የመጨረሻዎቹ ሳምንታት

አዲሱ ሰው ለሁለት ሳምንት ረዳት ሆኖ ይገባል፣ ሁሌም አንድ ዓይነት ቀለም ያለው ካናቴራ ለብሶ። በመጀመሪያው ሳምንት ጫማ ማውለቂያው ጋር ብቻ ነው። በሁለተኛው የራሱን የወለል ምልክት ያገኛል። ፎቶው የዕለቱ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ ተማሪው ገና ሲገባ ዛሬ ማን እንዳለ ያያል። ወላጆች በመጀመሪያው ቀን እልል እንዳይሉ፣ እንዳያጨበጭቡ ቀድማችሁ ንገሯቸው፤ እኛ ጋ ጭብጨባ ሁለት እጅ አንስቶ ማወዛወዝ ነው።

የሚለቅ ሰው ሲኖር 30ው ቀን እንዲህ ያልፋል። በመጀመሪያው ሳምንት ለወላጆች ይነገራል። በሁለተኛው የሚተካው ሰው ፎቶ ከእሱ ፎቶ ጎን ይለጠፋል። በሦስተኛው ሁለቱ አንድ ምልክት ላይ ጎን ለጎን ይቆማሉ። በመጨረሻው ቅዳሜ ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ የሚሄደው ሰው የራሱን ፎቶ ከሰሌዳው ላይ ራሱ ያነሳል፣ ተማሪዎቹ እያዩት። የከበሮው ሰውዬ ባለፈው ዓመት ሲሄድ ያ ጆሮውን ይዞ የነበረው ተማሪ ፎቶውን ከእጁ ተቀበለውና ቦርሳው ውስጥ ከተተው። ትቶት እንዲሄድ ማንም አልጠየቀውም።